«አላህ ከሪም» በኦምዱርማን

በአማርኛ «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» የሚባል የቆየ ብሂል አለ። በኦምዱርማን ከተማ ይህንኑ አሳብ ሁለት ቃላት ይሸከሙታል፤ እነርሱም «አላህ ከሪም» የሚሉት ሲሆኑ፣ ትርጓሜያቸው እግዚአብሔር ለጋስ ነው ማለት ነው። ነጋዴው ገበያ ሲቀዘቅዝበት፣ እናት ማጀቷ ሲራቆትባት፣ ባለ ዕዳውም ቀጠሮው ሲደርስበት ይህንኑ ይላል። ከሩቅ ሆኖ ለሚሰማ ሰው አነጋገሩ እጅን አጣጥፎ የመቀመጥ ምልክት ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ከኤፕሪል 15 ቀን 2023 ወዲህ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚያች ከተማ የሆነውን የተመለከተ ሁሉ ይህን ፍርዱን እንደገና ሊመረምር ይገባዋል።

በዚያ ቀን በሱዳን ጦር ሠራዊትና «ፈጥኖ ደራሽ» በሚባለው ኃይል መካከል ጦርነት ተነሣ። ከዓባይ በስተ ምዕራብ ያለችው ኦምዱርማን ለሁለት ተከፈለች፤ በስተ ሰሜን ያለው የከረሪ ወገን በጦር ሠራዊቱ እጅ ሲቆይ፣ በአሮጌው ከተማ ግን ውጊያው ከመንገድ ወደ መንገድ ሆነ። ታላቁ ገበያ ተዘረፈ። ወደ ባሕሪ የሚያሻግረው የሸምባት ድልድይ በኖቬምበር 2023 ፈረሰ። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ተቋረጠ፤ የቀን ሠራተኛውም የሚቀጥረው አጣ። መሸሽ ያልቻለው ቤተ ሰብ እንግዲህ ምን ይብላ? ለብዙዎች መልሱ ተኪያ ሆነ።

ተኪያ የሚለው ቃል በጥንት ዘመን ደርቪሾች የሚያድሩበትን፣ መንገደኛና ድኻም የሚመገብበትን ቤት የሚያመለክት ነበር። በየዓርቡ በሼኽ ሐመድ አንኒል መቃብር አጠገብ በከበሮ የሚደረገውን ዝክር ለማየት የውጭ አገር ሰው ሁሉ ይጎርፍ ነበር፤ በየሼኾቹ ደጅ ስለሚጣደው ድስት ግን ብዙም አልተጻፈም። በጦርነቱ ጊዜ ይኸው ድስት ወደ ሰፈር ወጣ። የየሰፈሩ ወጣቶች የድንገተኛ አደጋ ክፍሎች የተባሉትን ማኅበሮቻቸውን አቋቁመው ማብሰል ጀመሩ። ጋዝ በጠፋ ጊዜ በእንጨት ያነድዳሉ፤ ምስር፣ ባቄላ፣ ሩዝም ይቀቅላሉ፤ ለየቤቱም እንደ ቤተ ሰቡ ቁጥር ይሰፍራሉ። ትናንት እንግዳ ሲቀበል የኖረ አባወራ ዛሬ ከተራ መቆም ይከብደዋልና፣ ዕቃ ይዞ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

ከተማይቱ ረኀብን ያወቀችው አሁን ብቻ አይደለም። የማሕዲስቶች መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ በ1888 እና በ1889 መካከል፣ ሱዳናውያን «ሰነት ሲታ» የሚሉት ክፉ ዘመን ወርዶባታል። በኢትዮጵያም «ክፉ ቀን» የተባለው ረኀብ የተጀመረው በዚያው ጊዜ ነበር። ጎንደር በተቃጠለችበት፣ ዐፄ ዮሐንስም በመተማ በወደቁበት ወራት በድንበሩ ወዲህና ወዲያ የነበረው ድኻ አንድ ዓይነት ጾም ጾመ። ነገር ግን ያን ጊዜ በኦምዱርማን እህል የሚደርሰው አስቀድሞ ለኸሊፋው ወገኖችና ለሠራዊቱ ነበር። በተኪያው ዘንድ ተራው ተገላብጧል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም።

የድስቱ አሠራር ለነጋዴ ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው በውጭ አገር ከሚኖሩ ሱዳናውያን ሲሆን፣ የጥሬ ገንዘብ እጥረት ስለ ነበረ የሚተላለፈው የካርቱም ባንክ «ባንካክ» በሚለው የስልክ መላኪያ ነበር። በፌብሩዋሪ 2024 የስልክና የኢንተርኔት መሥመር በተቋረጠ ጊዜ ብዙ ምድጃ ቀዘቀዘ። ያልጠፋው እሳት የቆየው ባለ ሱቁ እህሉን በዱቤ ስለ ሰጠ ነው። መያዣ የሌለው፣ ዋስ የሌለው፣ ተበዳሪውም ድስት የሆነ ዱቤ በየትኛውም የንግድ ትምህርት ቤት አይመከርም። ስለ ምጽዋት የሚጽፉ ሰዎች ነጋዴውን ዘወትር በስስታምነት ሲያነሡት ይኖራሉ፤ ይህን የዱቤ መዝገብ ግን ማንም ሊያነብላቸው በተገባ ነበር።

ለአስተዳዳሪዎችም የሚነገር ነገር አለ። ወጣቶቹ ከሁለቱም ተዋጊ ወገኖች «የጠላት ሰዎች» እየተባሉ ታስረዋል፤ የተገደሉም አሉ። በ1925 ሳይሆን በ2025 መጀመሪያ፣ የእርዳታ ሥራ እጅግ ተደራጀ በሚባልበት ዘመን፣ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባገደ ጊዜ በሱዳን ከ1,100 በላይ የሚሆኑ የሰፈር ወጥ ቤቶች ተዘጉ። ይህ መቅሠፍት ከሰማይ አልወረደም፤ በብዕር የተፈረመ ነበር። በዚያን ቀን ባዶ ዕቃውን ይዞ የተመለሰውን ልጅ «አላህ ከሪም» ብሎ ያሰናበተው ሰው ቃሉን የተናገረው እያፈረ እንደ ሆነ መገመት አያስቸግርም። ከዚያ በኋላ በውጭ ያሉት ሱዳናውያን ባዋጡት ከተዘጉት ጥቂቶቹ እንደገና ተጣዱ። በዚያው ዓመት የድንገተኛ አደጋ ክፍሎቹ ከኖርዌይ የራፍቶ ሽልማትን፣ ከስዊድንም የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አግኝተዋል፤ ክብሩ የሚገባቸው ነው፤ ነገር ግን ሽልማት ምስር አይሆንም።

ሜይ 20 ቀን 2025 ጦር ሠራዊቱ መላውን የካርቱም ክፍለ ሀገር ከባላጋራው ማጽዳቱን አስታወቀ። በዚያው ወር የኤሌክትሪክ ጣቢያዎች ተመትተው የውሃ መሳቢያው ስለ ቆመ፣ በኦምዱርማን ኮሌራ ተነሥቶ ሆስፒታሎቹን አጨናነቀ። ወደ ሰፈሩ የተመለሰው ቤተ ሰብ ብዙ ጊዜ ያገኘው በሩ የተነቀለ፣ የመብራት ሽቦው ሳይቀር ከግድግዳው ተመዝዞ የተወሰደ ቤት ነበር። ስለዚህ ተኩሱ ከከተማይቱ ከራቀም በኋላ ልጆቹ ዕቃቸውን ይዘው ወደ ድስቱ መሄዳቸውን አልተዉም፤ ባለ ሱቁም መዝገቡን አልዘጋም።