ከንጣፍ በታች ያለው የከተማ ዛፍ

በከተማ የሚበቅል ዛፍ ከጫካው ዛፍ ጋር በስም እንጂ በኑሮ አይገናኝም። በጫካ የረገፈ ቅጠል በስብሶ አፈሩን ይመግባል፤ ዝናቡም ቀስ ብሎ ይሰርጋል። በከተማ ግን ቅጠሉ ተጠርጎ ይወሰዳል፣ ውኃው ከአስፋልቱ ወደ ቱቦ ይወርዳል፣ አፈሩም ተረግጦ አየር ያጣል። ሥር ያለ አየር አይኖርም። መንገድ ዳር ጫፉ የደረቀ ዛፍ ሲታይ፣ ብዙ ጊዜ የሕመሙ ምንጭ ከመሬት በታች ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት መሥሪያ በፍጥነት ተመናመነ፤ በእንጨት እጦት መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ቶሎ ስለሚያድግና ቢቆረጥም ከጉቶው ስለሚያቆጠቁጥ ከተማዋን ካለችበት አቆያት። እንዲህ ባለውለታ ቢሆንም ለጠባብ ግቢና ለመንገድ ዳር አይመከርም፤ እጅግ ይረዝማል፣ ውኃ አብዝቶ ይስባል፣ ከሥሩም ሌላ ተክል እንደ ልብ አይበቅልም።

ከአገር በቀሎቹ ወይራ በዝግታ ቢያድግም ድርቅ ይችላል፤ ከጽድ ጋር በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ለረጅም ዘመን መቆየቱ ለደጋ ከተማ እንደሚስማማ ያሳያል። ኮሶ እንደ እንጦጦ ያለ ከፍታ ይወዳል። ዋርካና ሾላ ግን ሰፊ መናፈሻ ካልተገኘ ንጣፍና አጥር ይፈነቅላሉ። በኤሌክትሪክ መስመር ሥር ረጅም ዛፍ መትከል ደግሞ ለመጥረቢያ ማሳደግ ነው።

የአረንጓዴ ዐሻራ መርሐ ግብር ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ መትከል ተለምዷል፤ ማጽደቁ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሚተከለው ዝናቡ አፈሩን በደንብ ሲያርስ፣ በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ነው። ጉድጓዱ ችግኙ ከያዘው አፈር ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሰፋል እንጂ ከዚያ አፈር ቁመት በላይ አይጠልቅም። ላስቲኩ ፈጽሞ መውጣት አለበት፤ በውስጡ ተጠምዝዞ የቆየ ሥርም ይፈታል ወይም ይቆረጣል፤ አለዚያ ዛፉ ሲያድግ ራሱን ያንቃል። በክረምት ውኃ አቁሮ በበጋ በሚሰነጣጠቅ ጥቁር ዋልካ ላይ ደግሞ አፈሩን ከፍ አድርጎ መትከል ይሻላል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት በጋዎች ፈታኝ ናቸው። በየቀኑ ከላይ ከላይ ከመርጨት ይልቅ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ ማጠጣት ሥሩ ወደ ታች እንዲወርድ ያደርጋል። ገለባ ወይም ደረቅ ቅጠል ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጎዘጎዝ እርጥበት ይይዛል፤ ግንዱን ግን መንካት የለበትም፣ ያበሰብሰዋል።

ከሁሉም የከፋው ስሕተት በአቆራረጥ ላይ የሚፈጸመው ነው። የዛፉን አናት ገምሶ መጣል ብዙዎች እንደ እንክብካቤ ያዩታል። ነገር ግን ዛፉ ምግቡን የሚያዘጋጅበት ቅጠል በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ ሰፊው ቁስል መበስበስ ይጀምራል፤ ከዳሩ የሚያቆጠቁጡት ቀጫጭን ቅርንጫፎችም በደንብ ስለማይጣበቁ በነፋስ ይገነጠላሉ። በትክክል የሚቆርጥ ሰው ከባድ ቅርንጫፍን በሦስት ቁርጥ ያወርዳል። መጀመሪያ ከግንዱ ራቅ ብሎ ከታች በኩል በጥቂቱ ይሰነጥቃል፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ቆርጦ ክብደቱን ይጥላል፤ በመጨረሻ ቀሪውን ቁራጭ ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት እብጠት ጫፍ ላይ ያነሣል። እብጠቱ ራሱ አይነካም፤ ቁስሉን የሚሸፍነው አዲስ ቅርፊት የሚያድገው ከእሱ ነው። ቀለም መቀባትም አያስፈልግም።

ለአቅመ ዛፍ የደረሰውን የሚያሰጋው ግንባታ ነው። አብዛኛው ሥር የሚገኘው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ሲሆን ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። በግንዱ ሥር የሚያልፍ የቧንቧ ቦይ ከሥሩ ብዙውን ሊቆርጥ ይችላል፤ እስከ ግንዱ የተሞላ ሲሚንቶም አየርና ውኃ ይከለክላል። ዛፉ ወዲያው አይደርቅም፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ ሲታይ ቦዩን ያስቆፈረውን የሚያስታውስ የለም። ስለዚህ ቧንቧ የሚያስቀብር ሁሉ ቦዩን ከዛፉ ጥላ ያርቅ፤ ማራቅ ካልተቻለም ሥሩ ሳይቆረጥ ከበታቹ በእጅ ይቆፈር።