የኢሜጁ ባለቤት ማን ነው?

የሊኑክስ ኢሜጅ በሜሞሪ ካርድ ከማሽን ወደ ማሽን ሲሄድ ከፋይሎቹ ጋር የባለቤትነት ምዝገባቸውም አብሮ ይሄዳል። የገበሬ የመሬት ይዞታ ደብተር የባለይዞታው ስም ይጻፍበታል፤ ኢኤክስቲ4 የተባለው የፋይል ሥርዓት ግን የሚመዘግበው የዩዘሩንና የግሩፑን ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚወስነው የሚሠራው ሲስተም የራሱ የዩዘሮች ዝርዝር ነው። በኡቡንቱና በዴቢያን መጀመሪያ የሚከፈተው የሰው አካውንት እንደ ደንቡ 1000 ቁጥር ይይዛል። እንጅባራ ያለ ባለሙያ በራሱ አካውንት፣ በ1000፣ የአውንጊ ማንበቢያ መጻሕፍት ያሉበትን የትምህርት ቤት ሰርቨር ኢሜጅ አዘጋጅቶ ወደ ዳንግላ ላከ እንበል። ዳንግላ ላይ መጀመሪያ አካውንት የሚከፈትለት መምህር 1000 ይሆናል፤ ማንም ሳይሰጠው የሲስተሙ ፋይሎች ሁሉ የእሱ ሆነው ያገኛቸዋል።

ስለዚህ ሠሪው ምንም ካላዘዘ ባለቤቱ ሩት፣ ማለትም 0 መሆን አለበት እላለሁ። ኢኤክስቲ4ን የሚፈጥረው ኤምኬኢ2ኤፍኤስ እስከ 1.42 ድረስ ዋናውን ፎልደር ኮማንዱን ላስኬደው ዩዘር ይሰጥ ነበር፤ ያው ኮማንድ በሁለት ሰው እጅ ሁለት ዓይነት ዲስክ ያወጣል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው 1.43 ይህን ወደ 0 ቀየረው፤ ሌላ ባለቤት የፈለገ ቁጥሩን ራሱ ይጽፋል። ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ግን ዋናውን ፎልደር እንጂ ሁሉንም አልነካም። ኢሜጁ ከተዘጋጀ ፎልደር ሲሞላ የውስጥ ፋይሎቹ የምንጩን ቁጥር እንደያዙ ይገለበጣሉ። እንዲህ በተሠራ ሲስተም ላይ ሱዶ የራሱ ፕሮግራም የ1000 ሆኖ ሲያገኘው ባለቤቱ 0 መሆን አለበት ብሎ አልሠራም ይላል። ይህ ደጉ ነው፤ ስህተቱ ታውቋል። የሚያሰጋው ዝም የሚለው ነው፦ ሲስተሙ ሲነሳ በሩት ሥልጣን የሚሠራው ስክሪፕት የ1000 ከሆነ፣ 1000 የሆነ ሰው እንዳሻው ይለውጠዋል።

ለራሱ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ሰው ግን፣ ባለቤቱ ሩት ከሆነ የገዛ ዲስኬ ላይ መጻፍ ተከለከልኩ ብሎ ያማርራል። እውነቱን ነው። ቢሆንም ክልከላውን ወዲያው ያየዋል፤ በአንድ ኮማንድ ባለቤትነቱን ያዛውራል። የተላከው ኢሜጅ ስህተት ግን ወራት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ ሁለቱ ጉዳቶች አይመጣጠኑም። መገልበጥ እንዳለ መገልበጥ ነው የሚለው ሙግት ደግሞ ለባክአፕ ይሠራል፤ እዚያ የቀድሞ ባለቤትን መጠበቅ ዋናው ዓላማ ነው። ለሌላ ሰው በሚታደል ኢሜጅ ላይ ግን የአዘጋጁ ቁጥር በአጋጣሚ የገባ ነገር ነው። መፍትሔውም ቅርብ ነው፦ ፌክሩት የሠሪውን ፋይሎች የሩት አስመስሎ ያቀርባል፤ ስኳሽኤፍኤስ ሁሉንም ለሩት የሚሰጥ አማራጭ አለው፤ ታርም ባለቤቱን በቁጥር ያስጽፋል። ካርዱ ከእንጅባራ ከመነሳቱ በፊት የፋይሎቹን ዝርዝር በስም ሳይሆን በቁጥር አውጥቶ ማየት፣ ለሲስተሙ ፋይሎች 0 መሆኑን ማረጋገጥ የደቂቃ ሥራ ነው።