«ለማን ነው የኔን ጉድ ያወራሽው?»

«አንቺ ልጅ፣ ለማን ነው የኔን ጉድ ያወራሽው?» አሉኝ እትዬ። ጠዋት ነበር፤ ቲማቲማቸውን መደብ መደብ እያደረጉ ይደረድራሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

ስማቸውን አልጽፍም፣ እትዬ ይበቃል። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ጉሊት ይቸረችራሉ፦ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ምሽት ዝናብ ያዘኝና ከላስቲካቸው ሥር ተጠለልኩ። ዝናቡ አላቆም ሲል ጨዋታ ጀመርን። የቤት ኪራይ መጨመሩን፣ የልጃቸውን ትምህርት ቤት ነገር፣ የከባድ መኪና ረዳት የሆኑት ባለቤታቸው ወር ሙሉ መንገድ ላይ እንደሚከርሙ አወሩኝ። አንዱን ነገር ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። እያወሩ እጃቸውንና መደባቸውን በስልኬ አነሳሁ፤ ለራሴ ማስታወሻ መስሏቸው ነው መሰል ምንም አላሉም።

ቤት ገብቼ ሌሊቱን ጻፍኩት። ሁሉንም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ የነገሩኝንም ጭምር። ስም አልጠራሁም፤ ፎቶውን ግን ከጽሑፉ ጋር ለጠፍኩት። ከእጃቸው ጀርባ የሰፈራችን ወፍጮ ቤት ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጽሑፉ ያልጠበቅኩት ቦታ ድረስ ሄደ። ከዚያ በፊት ስለ ዋጋ ንረት ግራፍ እያስደገፍኩ ስጽፍ የሚያነቡኝ የክፍል ጓደኞቼ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም እስከ መጨረሻው ማንበባቸውን እጠራጠራለሁ። አሁን ግን የማላውቃቸው ሰዎች «አካውንቷን ላኪልን» ይሉኝ ጀመር። ገንዘቡ በእኔ በኩል መጣ፣ በፖስታ አሽጌ «ከጓደኞቼ ነው» ብዬ ሰጠኋቸው። ከየት እንደመጣ አልነገርኳቸውም። ኪራይ ከፈሉበት። ይህንን መደበቅ አልፈልግም፤ ያ ገንዘብ ጠቅሟል።

ኢኮኖሚክስ ስላጠናሁ ግራፉ ለምን እንዳልሠራ፣ እጃቸው ለምን እንደሠራ ማወቅ ነበረብኝ። ዲቦራ ስሞል፣ ጆርጅ ሎዌንስታይንና ፖል ስሎቪክ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ጥናት አለ። አሜሪካ ውስጥ ለአንድ መጠይቅ አምስት አምስት ዶላር የተከፈላቸው ሰዎች፣ ከዚያው ላይ ለአፍሪካ ረሃብተኞች እንዲለግሱ ተጠየቁ። ለአንዱ ቡድን ሮኪያ ስለምትባል የሰባት ዓመት የማሊ ልጅ ተነገረው። ለሌላው ቁጥር ብቻ ተሰጠው። ከቁጥሮቹ አንዱ የእኛው ነው፦ በኢትዮጵያ ከ11 ሚሊዮን በላይ ሰዎች አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ይፈልጋሉ የሚል። ሮኪያ በአማካይ 2.38 ዶላር አገኘች። እኛና ሌሎቹ ሚሊዮኖች አንድ ላይ ሆነን 1.14። እኔን የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ቡድን ነው፤ ሮኪያንም ቁጥሩንም አብሮ ያየው። እሱ የሰጠው 1.43 ብቻ ነው። ቁጥሩ ሲጨመር የተዘረጋው እጅ ታጠፈ ማለት ነው።

ይህንን ካወቁ በኋላ ጽሑፍ መጻፍ ትንሽ ያስፈራል። ምክንያቱም እጅ የሚዘረጋው ታሪኩን ስላመነ እንጂ ስላጣራ አይደለም። እውነቱም ውሸቱም በዚያው በር ነው የሚገባው።

ይህ በኛ አገር በትልቁ ታይቷል። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ የወሎን ረሃብ የሚያሳየውን ፊልም በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን አቀረበ። ዓለም ደነገጠ፣ እርዳታ ጎረፈ። በመስከረም 1967፣ ንጉሡ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ ደርግ ያንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። ግን እንደነበረ አይደለም። በረሃብተኞቹ መሀል የቤተ መንግሥት ግብዣና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል ገባበት። ረሃቡ እውነት ነው። ግብዣውም እውነት ነው። መቀሱና ማጣበቂያው ግን የደርግ ነው። በእርግጥ የንጉሡ መንግሥት ረሃቡን ሸሽጓል፣ ስለዚህ ክሱ ከሜዳ አልመጣም። ያን ማታ ቴሌቪዥኑ ፊት የተቀመጠ ሰው ግን የሚያየው ፊልም በማን እንደተቆረጠና ለምን እንደተቀጠለ የሚጠይቅበት ጊዜ አልነበረውም። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በ1977 መስከረም፣ ያው መንግሥት አሥረኛ የአብዮት በዓሉን በድምቀት ሲያከብር ወሎና ትግራይ እንደገና እየተራቡ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ታሪኩ እንዳይነገር የፈለገው እሱ ራሱ ሆነ።

የእኔ ጽሑፍ ከዚህ ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። የሆነው ነገር ግን ይመሳሰላል። በብዙ ሺህ ተከታይ ያለው አንድ ገጽ ጽሑፌን ወሰደና የእትዬን ፎቶ እንዳለ ትቶ አንዲት ሐረግ ጨመረ፦ «ባለቤቷን በሞት ያጣች»። በቃ፣ ይቺው ናት። ለቅሶ ስለሚጨምር ነው መሰለኝ። ሰው ከእኔ ይልቅ ያንን ሼር አደረገው።

ሰውየው በሕይወት አሉ! ያኔ ከሾፌራቸው ጋር መንገድ ላይ ነበሩ፤ ስልካቸው አይሠራም። አገር ቤት ያለች እህታቸው ልጅ ፎቶውን አይታ ግድግዳውን ለየችው። ለእናቷ አሳየቻት። እትዬ ሌሊት ስልክ ሲያነሱ ሌላው ጫፍ ላይ ዋይታ ነው። ስለዚህ እሳቸውም እስኪነጋ ድረስ ባላቸው ሞቶ፣ እሳቸው ብቻ ሳይሰሙ የቀሩ መስሏቸው አደሩ። ሾፌሩ ተገኝቶ «ኧረ ደህና ነው፣ እዚሁ ተኝቷል» ያለው ከነጋ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ቲማቲም እየደረደሩ ያንን ጥያቄ የጠየቁኝ።

እኔም መጀመሪያ የመጣልኝ መልስ «ሞተ ያልኩት እኔ አይደለሁም» የሚል ነበር። አልኩም። እሳቸው ግን የጠየቁኝ ስለ ባለቤታቸው አልነበረም። ዝቅ ባለ ድምፅ ስለነገሩኝ ነገር ነው። እሱን ማንም አልጨመረበትም፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ልጃቸውም ትምህርት ቤት ውስጥ የተሰደበው በእሱ ነው። ጽሑፉን ያኑኑ ቀን አጠፋሁት። ሌላው ገጽ ላይ ያለውን እንዲያነሱልኝ ሦስት ጊዜ ጻፍኩ፣ መልስ የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ጽሑፉን በለጠፍኩ በመጀመሪያው ቀን፣ ከዚያ ሁሉ «አስለቀስሽኝ» መሀል አንድ ሰው «ሴትዮዋ እንደጻፍሽባቸው ያውቃሉ?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። ደሜ ፈላ። ቅናት መሰለኝና ኮሜንቱን አጠፋሁት። ከዚያ ሁሉ አንባቢ መሀል የአንባቢን ሥራ የሠራው እሱ ብቻ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። ላመስግነው ብል ስሙንም አላስታውሰው።

እኔም ሳነብ እንደ እሱ አልነበርኩም። ስንቱን «እባካችሁ ሼር» ያለኝን ነገር ሳላነብ አስተላልፌያለሁ። ከእነዚያ መሀል የስንቱ ባል በሕይወት እንደነበረ እንጃ።

ይህንን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት ለእትዬ አነበብኩላቸው። ሽንኩርት እየመረጡ ሰሙኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጡኝ። ስለ ኪራዩ ያለውን «ተይው፣ እውነት ነው» አሉ። ከሚሸጡት ውስጥ ጎመን ብዬ ጽፌ ነበር፤ «ጎመን ሸጬ አላውቅም» አሉኝ። አስተካክያለሁ።