መቅመቆ በቤተ ሙከራ፦ የቁስል ባህላዊ መድኃኒት እንዴት ይፈተናል?

ቅቤ ሲያነጥሩ መቅመቆ የሚጨምሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ደርቆ ከገበያ የሚገዛው ይህ ሥር ሲሰበር ውስጡ ቢጫ ነው፤ ለቅቤውም መልክ ይሰጠዋል። ይኸው የጓዳ ሥር ግን ሌላ ሙያም አለው፤ ተወቅጦ ቁስል ላይ ይደረጋል። ክትክታ፣ ብሳናና ሬትም በየአካባቢው ቁስል ያሽራሉ ተብሎ ይታመንባቸዋል። እውቀቱ ከእናት ወደ ልጅ፣ ከአዋቂ ወደ ተማሪ ሲወርድ እዚህ ደርሷል።

ታዲያ እውነት ያሽራሉ? መልሱን ከባድ የሚያደርገው ቁስል በራሱም የሚሽር መሆኑ ነው። ትንሽ ጭረት ምንም ባይቀባ እንኳ በጥቂት ቀናት ይጠግጋል። ስለዚህ «ቀባሁት፣ ሻረልኝ» የሚል ሰው አልዋሸም፤ ግን ያሻረው ቅጠሉ ይሁን ጊዜው እሱም አያውቅም። የፈተናው ሁሉ ዓላማ እነዚህን ሁለቱን መለየት ነው።

ሰውነት ቁስልን የሚጠግነው በየተራ ነው። መጀመሪያ ደሙ ይረጋል። ቀጥሎ ቦታው ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይሞቃል፤ ይህ የመከላከያ ሕዋሳት ተሕዋስያንንና የሞተውን ሥጋ የሚያጸዱበት ጊዜ ነው። ከዚያ አዲስ ሥጋ ይሞላል፣ ቆዳውም ከዳር ወደ መሐል ይከደናል። በመጨረሻ ጠባሳው ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ እየጠነከረ ይሄዳል። ያም ሆኖ ከቀድሞው ቆዳ ጥንካሬ 80 በመቶ ያህሉን እንጂ ሙሉውን አያገኝም። አንድ ዕፅ ከእነዚህ ደረጃዎች በአንዱ ሊያግዝ፣ በሌላው ላያግዝ ይችላል። ጀርም የሚገድል ሁሉ ሥጋ አይሞላም።

ምርመራው የሚጀምረው ከስም ነው። በአገራችን አንድ ስም ለተለያዩ ዕፅዋት ይሰጣል፤ «እምቧይ» ተብለው የሚጠሩት ብቻ ከአንድ በላይ ዝርያዎች ናቸው። ስለዚህ ተመራማሪው ቅጠሉንና አበባውን በወረቀት መሐል ተጭኖ ያደርቃል፣ የዕፅዋት ሊቅ ይለየዋል፣ ናሙናውም ቁጥር ተሰጥቶት እንደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ብሔራዊ ሄርባሪየም ባለ ቦታ ይቀመጣል። ከዓመታት በኋላ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ ያንኑ ናሙና አውጥቶ ማየት ይችላል።

ከዚያ ሥሩ በጥላ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ብዙ ጊዜ በ80 በመቶ ሜታኖል ለ72 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ተጣርቶ ፈሳሹ ሲተን የሚቀረው ጭማቂ ከቅባት ጋር ይለወሳል። ቅባቱ ራሱ ቀላል ነው፤ ከ100 ግራሙ 85ቱ ነጭ ቫዝሊን ነው። ቁስል ላይ ከመዋሉ በፊት ደግሞ ደህንነቱ ይፈተናል። በአይጦች ቆዳ ላይ በኪሎ ግራም ክብደት እስከ 2,000 ሚሊ ግራም ይደረግና ለ14 ቀናት ቆዳቸው ይቆጣ፣ ክብደታቸው ይቀንስ እንደሆነ ይታያል።

አሁን ዋናው ፈተና ነው። አይጦቹ በዕጣ በቡድን ይከፈላሉ። በማደንዘዣ ከተኙ በኋላ ጀርባቸው ላይ ክብ ቆዳ ይነሳል። አንዱ ቡድን ዕፁ ያለበትን ቅባት፣ ሌላው የታወቀ የፋርማሲ መድኃኒት ያገኛል። ሦስተኛው ቡድን ምንም ያልተጨመረበትን ባዶ ቅባት ብቻ ይቀባል። ከሁሉም ትልቁን ሥራ የሚሠራው ይህ ሦስተኛው ነው፤ ቁስሉ በራሱ ጊዜ ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሚነግረን እሱ ነው። በየሁለት ቀኑ ወይም በዚያ አካባቢ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ቁስሉ ላይ ይደረግና ዙሪያው በእስክሪብቶ ይሳላል። ሥዕሉ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ተደርጎ ካሬዎቹ ይቆጠራሉ። ቅርፊቱ ወድቆ ጥሬ ሥጋ የማይታይበት ቀንም ይመዘገባል።

ሁለተኛው ፈተና የጥንካሬ ነው። በዚህኛው ቆዳው በቀጭኑ ይቀደድና ይሰፋል። ስፌቱ ከተፈታ በኋላ፣ በ10ኛው ቀን ገደማ፣ በማደንዘዣ የተኛው አይጥ ቁስል ሁለት ዳር በሁለት መቆንጠጫ ይያዛል። አንዱ መቆንጠጫ ይታሰራል፤ ሌላው በክር ከባዶ ዕቃ ጋር ይያያዝና ዕቃው ይንጠለጠላል። ከዚያ ውሃ ቀስ ብሎ ወደ ዕቃው ይወርዳል። ክሩ ይወጠራል፣ ቆዳው ይሳባል፣ የተጠገገው መስመር መከፈት ሲጀምር ውሃው ወዲያው ይቆማል። ያ ውሃ ተመዝኖ የጠባሳው ጥንካሬ ይታወቃል። ብዙ ውሃ የቻለ ቁስል በደንብ ሽሯል።

መቅመቆ በዚህ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2015 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት የሥሩ ጭማቂ 5 እና 10 በመቶ በሆነ መጠን በቅባት ተዘጋጅቶ በአይጦች ላይ ሲሞከር፣ ከባዶው ቅባት የተሻለ ቁስል አሽሯል። የእናቶቻችን ልማድ መሠረት እንዳለው የሚያሳይ ውጤት ነው፤ ሊያኮራን ይገባል።

ነገር ግን ከዚህ እስከ ፋርማሲ መደርደሪያ ረጅም መንገድ አለ። የአይጥ ቆዳ ከሥሩ ስስ ጡንቻ ስላለው ቁስሉ በአብዛኛው ተሰብስቦ ይዘጋል፤ የሰው ቁስል ግን ይበልጡን አዲስ ሥጋ ሞልቶና ቆዳ ለብሶ ነው የሚሽረው። አይጥ ላይ የፈጠነ ሁሉ ሰው ላይ ይፈጥናል ማለት አይደለም። መንገዱን እስከ መጨረሻው የሄደ ዕፅ ለማየት የበርች ዛፍን እናንሳ። ከዚህ ዛፍ ቅርፊት የተሠራ ጄል፣ ቆዳቸው በትንሽ ንክኪ ለሚላጥና ለሚቆስል በዘር የሚተላለፍ ሕመም ላለባቸው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2022 በአውሮፓ ኅብረት፣ በ2023 በአሜሪካ ተፈቅዷል። 223 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በ45 ቀናት ውስጥ የተመረጠው ቁስላቸው ሙሉ በሙሉ የተዘጋው፣ ጄሉን ከተቀቡት 41 በመቶ ያህሉ፣ ዛፉ የሌለበትን ጄል ከተቀቡት ደግሞ 29 በመቶ ያህሉ ናቸው። ባዶ ጄል ከተቀቡትም የሻረላቸው አሉ። የዛፉ ድርሻ በሁለቱ ቁጥሮች መሐል ያለው ልዩነት ነው፤ ያ ልዩነት የታወቀው ስለተቆጠረ ብቻ ነው።

እንዲህ ለመቁጠር ዕፁ መጀመሪያ መታወቅ አለበት፤ በአገራችን አዋቂዎች ዘንድ ግን መድኃኒትን በምሥጢር መያዝ የቆየ ልማድ ነው። ስጋታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም በምርምር አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን በዚሁ እንዶድ አጠቃቀም ላይ አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ ባለቤትነት መብት ተወሰደ። ዛሬ አዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ እውቀትን ይጠብቃል፤ ከዚያ የሚገኘውን ጥቅምም ማኅበረሰቡ እንዲጋራ ይደነግጋል። አዋጁ በተግባር እንዲውል ተመራማሪው እውቀቱን የሰጡትን ሰዎች ማክበር፣ ውጤቱንም ይዞ ወደ እነሱ መመለስ አለበት።

ለአንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። ቁስል ሲደርስብዎ መጀመሪያ በንጹህ ውሃና በሳሙና ይታጠቡት። አፈር፣ እበት ወይም ንጽሕናው ያልታወቀ ዱቄት አያድርጉበት፤ መንጋጋ ቆልፍ በዚያ በኩል ይገባል። የቁልቋልና የቅንጭብ ወተት ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይንን ይጎዳል። ጥልቅ ቁስል፣ የእንስሳ ንክሻ፣ የስኳር ሕመምተኛ የእግር ቁስል፣ ያመረቀዘና የሚሸት ቁስል ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መታየት አለበት። ቤት ውስጥ የቀቡት ዕፅ ካለም ለሐኪሙ አይደብቁት። ስሙን ይንገሩት፤ ቢቻል ቅጠሉን ይዘው ይሂዱ።