የቀን መብራት ለአሮጌ ላንድ ክሩዘሮች

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ በዶርዜ በኩል ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ጠመዝማዛና ዳገታም ሲሆን፣ ደጋው ላይ ጭጋግ ያዘወትረዋል። የጨንቻን ፖም ይዞ በቀን ያለ መብራት የሚወርድ አሮጌ ላንድ ክሩዘር፣ ከፊቱ ለሚመጣው ነጂ የሚታየው እጅግ ከቀረበ በኋላ ነው። ስዊድን ተሽከርካሪ ሁሉ ቀንም መብራት አብርቶ እንዲሄድ የደነገገችው እ.ኤ.አ. በ1977 ነበር።

ለአሮጌ መኪና ይህን መብራት መግጠም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ሽቦውን በቀጥታ ከባትሪ የሚስቡ አሉ፤ ነጂው ማጥፋቱን የረሳ ዕለት ግን መኪናው ጧት አይነሣምና ይህን ዓይነቱን ቁጠባ አንመክርም። የሚሻለው፣ ኃይሉ ከባትሪው በፊውዝ አልፎ ወደ ሪሌ እንዲመጣ፣ ሪሌውም ትእዛዙን ከሞተር ማስነሻው ቁልፍ እንዲቀበል ማድረግ ነው። ቁልፉ ሲከፈት ይበራል፤ ሲዘጋ ይጠፋል። ባለንብረቱ አምፖል ከመግዛቱ አስቀድሞ ቮልቱን ያጣራ፤ ከላንድ ክሩዘሮች መካከል በ24 ቮልት የሚሠሩ ስላሉ፣ ባለ 12 ቮልቱ ወዲያው ይቃጠልበታል።

ይሁን እንጂ የቀን መብራት በአብዛኛው የኋላውን መብራት አያበራም። ስለዚህ ጭጋጉ ሲወፍር ነጂው ዋናውን መብራት ዝቅ አድርጎ ሊያበራ ይገባዋል፤ አለዚያ ከኋላ የሚከተለው አያየውም።