ስለ መንገድ ጥቅም፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር

የአገር ሀብት ሁለት ነገር ይሻል፤ የሚያበቅል መሬትና የሚያደርስ መንገድ። ምዕራብ ጎጃም የፊተኛውን ከእግዚአብሔር አግኝቷል፤ ጤፉና በቆሎው፣ ይልቁንም የቡሬ በርበሬ በየገበያው የታወቀ ነው። የኋለኛው ግን የሰው እጅ ሥራ ነውና፣ መገኘቱም መጥፋቱም በሹማምንት ትጋትና ቸልታ ነው።

ጎጃምን የዓባይ ወንዝ በሦስት ወገን ስለ ከበበው፣ በቀድሞ ዘመን ነጋዴ ወደ ወለጋም ሆነ ወደ ሸዋ ለመሻገር የወንዙን መጉደል ይጠብቅ ነበር። ቡሬም በዚህ የሲራራ ንግድ መሥመር ላይ ስለ ነበረች ስመ ጥር ገበያ ሆነች።

መንገድ ለንግድ ብቻ ሳይሆን ለመንግሥትም መሠረት መሆኑ በ1933 ዓ.ም. ታይቷል። የኢጣልያ ጦር የካቲት 25 ቀን የቡሬን ምሽግ ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በቡሬ በኩል አልፈው መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ፍኖተ ሰላም የሚለውን የግእዝ ስም ከንጉሠ ነገሥቱ ያገኘች በዚሁ ምክንያት ነው፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፎ ባሕር ዳር የሚደርሰው ጎዳና ከተሞቹን አሰፋ፤ ፍኖተ ሰላም የዞን መቀመጫ ሆነች፣ በቡሬም በ2013 ዓ.ም. የእርሻን ምርት የሚያቀነባብር የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ።

ነገር ግን አውራው ጎዳና የሚጠቅመው በአጠገቡ ያለውን ነው። ከጎዳናው ርቆ የሚኖር ገበሬ እህሉን በአህያ ይጭናል፤ አንዲት አህያ ደግሞ አንድ ኩንታል እንኳ ትቸገራለች። መቶ ኩንታል የሚጭን ካሚዮን በአንድ ጉዞ የሚያደርሰውን ከመቶ አህያ በላይ ይሻዋል። ነጋዴውም የጭነቱን ኪሣራ ከገበሬው ዋጋ ላይ ይቀንሰዋል። ክረምት ሲገባ መረሬው መሬት ይጨቀያል፣ እነ ብርና እነ ተምጫ ይሞላሉ፤ ስለዚህ ገበሬው ክረምቱን ፈርቶ በመኸር ወራት፣ ዋጋው በወደቀበት ጊዜ ይሸጣል። ምጥ የያዛት ሴትም በቃሬዛ ተይዛ ወንዝ ዳር ስትደርስ ጎርፉ እስኪጎድል ትጠብቃለች፤ ይህ ከእህል ኪሣራ የሚበልጥ ነው።

ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት መርሐ ግብር ወጣ። መንገድ ማውጣቱ ግን የሥራው እኩሌታ ነው። ውሃ የሚወርድበት ቦይ ካልተጠረገ፣ ቱቦው በደለል ከተደፈነ፣ ብዙ ገንዘብ የፈሰሰበት ጥርጊያ በሁለት ክረምት ወደ ጉድጓድነት ይመለሳል። ብልህ ሹም ስለዚህ ከሰኔ አስቀድሞ፣ በግንቦት፣ ቦዩን ያስጠርጋል፤ መንገድ የሚሰብረውን ውሃም ከላይ፣ ከእርሻው እርከን ጀምሮ ያስይዛል። ባለመሬቱም ማረሻውን ከመንገዱ ዳር ቢያርቅ ለራሱ እህል ማውጫ ይሆነዋል።

ከሁሉ በላይ ግን መንገድ ሰላም ይሻል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት በተነሣ ጊዜ ጎዳናው ደጋግሞ ተዘጋ፤ ማዳበሪያው ከገበሬው፣ መድኃኒቱም ከሕመምተኛው ሳይደርስ የቀረበት ጊዜ ነበረ። ድንጋይና አስፋልት ሳይጎድል መንገድ ሊጠፋ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። እንግዲህ መንገድ የሚጠብቅ ሹም ቦዩን ብቻ ሳይሆን ዕርቁንም ሊጠብቅ ይገባዋል፤ የፍኖተ ሰላም ስም የሚያሳስበው ይህንኑ ነውና።