ወፍራም ፊደል መቼ ይናገር?

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞቻችን ሁሉ፣ መጀመሪያ የሚቀበለው በየበሩ የተሰቀለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። ምግብ ቤቱም ልብስ ሰፊውም ስሙን፣ ሥራውንና ስልኩን ጭምር በወፍራም ፊደል ያስጽፋል። ሁሉም ባንድነት ሲጮኹ ግን አንዱም አይሰማም። ስለዚህ የወፍራም ፊደል ጠባይና ጥቅም ምን እንደ ሆነ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

በአውሮፓ ይህ ዐይነቱ ፊደል የተወለደው ለገበያ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በሎንዶን ንግዱ ሲሰፋ፣ ቀጭኑ የመጽሐፍ ፊደል ከግድግዳ ላይ ሆኖ አላፊ አግዳሚውን ለመጥራት አቅም አነሰው። የፊደል ቀራጮችም ግንዱን አወፈሩት፤ ከእግሩም ሥር እንደ ጡብ ያለ መቆሚያ አደረጉለት። ከግብፅ ጋር ዝምድና ሳይኖረው «ግብፃዊ» የሚል ስም ወጣለት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1845 የወጣው «ክላሬንደን» ግን የተሻለ ሙያ ያዘ፤ ይኸውም ከቀጭኑ ፊደል ጐን ቆሞ የሚፈለገውን ቃል ብቻ ለይቶ ማሳየት ነው።

የእኛ ወፍራም ፊደል ግን የገበያ ልጅ አይደለም። ከከተማው አጠገብ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አርባዕቱ ወንጌል፣ ዘመናቸው ከታወቀ የብራና መጻሕፍታችን ከጥንታውያኑ አንዱ ነው። የዚያ ዘመን ጽሕፈት አካሉ ትልቅ፣ ማዕዘኑ የጠነከረ፣ ግንዱ ወፍራም ነው። ወንጌል በጉባኤ ፊት ድምፅ ከፍ አድርጎ ይነበባልና ፊደሉም መጉላቱ የተገባ ነው። ጸሐፊዎቻችን የምዕራፉን መጀመሪያና ቅዱሳት ስሞችን ለመለየት ሲፈልጉ ግን ፊደሉን አያወፍሩም፤ ቀይ ቀለም ያነሣሉ። ቀዩንም በቁጥብነት ያኖሩታል።

ዛሬ በኮምፒዩተር ፊደልን ማወፈር የአንድ ቁልፍ ሥራ ሆኖአል። አደጋውም እዚህ ላይ ነው። የግእዝ ፊደል ድምፁን የሚለየው በትንሽ ቅጥል ነውና፣ «ቢ» ከእግሩ ሰረዝ፣ «ቤ» ደግሞ ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ በቀለም ከተደፈነ «ቤት» የነበረው «ቢት» ይሆናል። እንግዲህ ፊደል ቀራጩ ግንዱን ሲያወፍር ቀለበቱንም አብሮ ማስፋት ይኖርበታል።

የሐይቅ ጎረቤት የሆነው አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶቻችን ላንዱ ስሙን ሰጥቶአል። ቢሆንም አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ በአምባሰል ብቻ አይዘፍንም፤ ትዝታም፣ ባቲም፣ አንቺ ሆዬም አሉት። ወፍራም ፊደልም እንደዚሁ ነው። ለአርእስት፣ ለሱቅ ስም፣ ለአደጋ ማስጠንቀቂያ ይዋል፤ ሐተታው በቀጭኑ ይነበብ። ሰሌዳ ለሚያጽፈው ባለሱቅም ምክራችን ይኸው ነው፦ ስምህን አወፍረው፣ የቀረውን አቅጥነው፤ ያን ጊዜ መንገደኛው ከሩቅ ይሰማሃል።